እድርተኛው ሁሉ የሞተ ዕለት

ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ የእድራችን ሒሳብ ያዥ ዘመኑ ሰሊጥ ገበያ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ ሲቆረጥም ስልኩ ጮኸ። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «የውድ ቤተሰብዎ የአቶ ዘመኑ ሙት ዓመት ነገ ነው። እድሩ ከጎንዎ ነው።»

ዘመኑ እንደገና አነበበው። ዙሪያውን አየ። ከዚያ ለማረጋገጥ ይሁን ከልማድ፣ አንድ ኦቾሎኒ ፈልፍሎ አፉ ውስጥ ጨመረ። ይጣፍጣል።

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አለው አጠገቡ ጆንያ የሚሰፋውን ሰው።

«መቼ?» አለ ሰውየው መርፌውን ሳያቆም።

«እኔ እንጃ። ሙት ዓመቴ ግን ነገ ነው።»

ሰውየው ሊስቅ አፉን ሲከፍት የእሱም ስልክ ጮኸ። እሱም ሞቷል።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለመረዳት ጆኒን ማወቅ ያስፈልጋል። ጆኒ እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የተወለደ፣ አማርኛውን ከእናቱ፣ ዐረብኛውን ከመንገድ፣ ኮምፒውተሩን ከካርቱም የተማረ፣ ሰላሳን የተሻገረ ጎልማሳ ነው። ካርቱም ስትነድ ላፕቶፑን በማሽላ ጆንያ ጠቅልሎ ወደኛ ተመለሰ። አሁን ከአንድ ስልክ ጠጋኝ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ዌብሳይት ይሠራል። እሱ ግን እንዲህ ሲባል አይወድም። ዌብሳይት የሚሠራውን ነገር ነው የምሠራው ይላል።

ልዩነቱን ለእድሩ ኮሚቴ ያስረዳው በጡብ ነበር።

«ያ ዐሚ ገብረ ሥላሴ» አላቸው ሊቀ መንበሩን፣ አጎቴ ለማለት፣ «ጡብ ሠሪ እያንዳንዱን ጡብ በጣቱ ነው የሚቀርጸው?»

አባ ገብረ ሥላሴ በሰባ ሰባቱ ድርቅ በእግራቸው ድንበር ተሻግረው የመጡ፣ ያኔ ከመጡት ሰዎች ግማሹን በእጃቸው የቀበሩ ሽማግሌ ናቸው። «በቅርጽ ነው እንጂ» አሉ።

«ጠይብ፣ መልካም። እኔም ቅርጹ አለኝ። ‘አባል’ ብዬ አንዲት ቃል ስጽፍለት መመዝገቢያውን ገጽ፣ ማረሚያውን፣ መሰረዣውን፣ ማስቀመጫውን፣ የሁሉንም ኮድ ራሱ ይጽፈዋል። ‘ድንኳን’ ስለው የድንኳኑን። ‘ድስት’ ስለው የድስቱን።»

«አንተስ ምን ትሠራለህ?» አለ ዘመኑ።

«ቃሏን እጽፋለኋ።»

«አንዲት ቃል ጽፈህ ልትውል?»

ጆኒ ተናደደ። ዋናው ልፋት ቅርጹን ማሻሻሉ ነበርና። ድሮ የዚህ ኮድ ጻፊ ፕሮግራም ችግሩ ባዶ ቦታ አለመውደዱ ነበር። ስልክ የሌለው አባል ሲመዘገብ ገጹ ሁሉ ይፈርስና በቀይ ጽሑፍ ይሳደብ ነበር። ጆኒ ክረምቱን በሙሉ፣ ዋልካው ጫማ እየነጠቀ ከቤት አላስወጣ ባለበት ወቅት፣ ይህን ሲያስተካክል ከረመ። አሁን ባዶ የተተወውን ሁሉ ማሽኑ ራሱ ይሞላዋል። ቁጥር ካጣ ዜሮ ያደርጋል። ቀን ካጣም ከራሱ ቀን ያወጣል። በዚያ ላይ ቀን የተጻፈለትን ነገር ሁሉ በየዓመቱ፣ በዋዜማው፣ ለባለቤቱ በመልእክት ያስታውሳል።

«ባዶ የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ የለም። ኸላስ፣ አለቀ!» አለ ጆኒ እጁን አራግፎ።

አባ ገብረ ሥላሴ ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ። «ባዶ እንኳ አይጠፋም ልጄ» አሉ። ጆኒ የሽማግሌ ተረት መስሎት አልሰማቸውም።

ከዚያ ስለ አንድ አባል ምን ምን ይጻፍ ተባለ። ስም፣ የሚስት ስም፣ የቤቱ ስልክ፣ እድሩ ውስጥ የገባበት ቀን አሉ። ዘመኑ «የሞተበት ቀን» ብሎ ጨመረ። ሙት ዓመት እየረሳን ሰው እያስቀየምን ነው አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው ተባለና ተጻፈ። ያልሞተ ሰው የሞተበት ቀን በምን ይሞላል ብሎ የጠየቀ ግን አልተገኘም። ሁላችንም በሕይወት ስለነበርን አልታሰበንም።

እነሆ በታኅሣሥ ሃያ ሁለት ከቀትር በኋላ እድርተኛው ባንድ ጊዜ ሞተ።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ ግራ ተጋባ። ቀጥሎ ግራ መጋባቱን ለመደውና መቀለድ ጀመረ። የዘመኑ ሚስት «ነገ ሙት ዓመትህ ከሆነ ጠላውን በምን ቀኔ ልጥመቀው? ሰው እኮ ቀድሞ ይናገራል!» አለችው። አንዱ ትራክተር ነጂ፣ ተዝካሬን ሳልቀምስ እንዴት ሙት ዓመቴ ደረሰ ብሎ አኮረፈ። ሌላው መልእክቱን ለሱዳናዊው አለቃው አሳይቶ የነገን ፈቃድ ጠየቀ።

«የማን ሙት ዓመት ነው?» አለው አለቃው።

«የራሴ።»

አለቃው ፊቱን ትኩር ብሎ አየው፤ የእኛን የኢትዮጵያውያንን ነገር መጠየቅ ከተወ ቆይቷል። «አላህ የርሐመክ»፣ ነፍስህን ይማር፣ ብሎ ፈቀደለት።

እንዲህ ስንሳሳቅ ዋልን። በየቤቱ ሟቹ ራሱ ስልኩን ያነሣል፣ ራሱ ያነባል፣ ራሱ ይስቃል።

በሐመልማል ቤት ግን የሚያስተባብል ሟች አልነበረም።

ሐመልማል ሰሊጥ ገበያ ውስጥ ሰሊጥ የምታበጥር የመተማ ሴት ናት። ባሏ ማሬ ድንበር ላይ ወዳለው ፋሽጋ ማሽላ ቆረጣ እንደሄደ ነው የቀረው። ዓመቱ ያ ፋሽጋ ላይ ተኩስ የተነሣበት፣ ትራክተር ሳይቀር በየሜዳው ተትቶ ሰው የሸሸበት ዓመት ነው። ወሩ ደግሞ ታኅሣሥ። አብረውት የነበሩት ግማሹ በሀዋታ በኩል፣ ግማሹ በወንዙ ማዶ ብቅ አለ። ማሬን ግን ሲወድቅ ያየ የለም፣ ሲሮጥ ያየም የለም። እሷ ስሙን ከእድሩ አላስወጣችም። እኛም አውጪው አላልናትም። ወር በገባ በስብሰባው ስም ሲጠራ፣ ዘመኑ ማሬ ጋ ሲደርስ ይስላል። ስሙን በሳሉ ይሻገርና ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኛ ደግሞ ጫማችንን እናያለን።

የእድሩ አባል የሚባለው አባወራው ብቻ ስለሆነ ወደ ሐመልማል ስልክ የደረሰው አንድ መልእክት ነው። «የውድ ቤተሰብዎ የአቶ ማሬ ሙት ዓመት ነገ ነው። እድሩ ከጎንዎ ነው።»

ማምሻውን ኮሚቴው ጆኒን በክፍሉ ውስጥ ከቦ ቆሟል። ጆኒ በላብ ተጠምቆ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል።

«ሁላችንም የሞትነው በአንድ ቀን ነው» አለ በመጨረሻ።

«ምን በልቶን?» አለ ዘመኑ።

«ታኅሣሥ ሃያ ሦስት፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሁለት። የሁላችሁም። የኔም።»

አባ ገብረ ሥላሴ ተገረሙ። «በስልሳ ሁለት እኔ ዳዊት እደግም ነበር። አንተ ደግሞ አልተወለድክም። እናትህም አላገባች።»

«ያ ዐሚ፣ ኮምፒውተር ዘመን መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ለሱ ምንም የለም። የሞታችሁበት ቀን ባዶ ሲሆንበት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሞላው። ባዶ እንዳይተው ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

«ቆይ» አሉ አባ ገብረ ሥላሴ፤ የመልእክቱን ነገር ትተው ይህ አሳሰባቸው። «አባቶቻችን አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን ብለው ከአዳም የቆጠሩትን፣ ይሄ ከስልሳ ሁለት የጀመረው ማንን አስፈቅዶ ነው?»



በዚህ መሐል የሐመልማል ጎረቤት ኣስመረት በሩን ገፍታ ገባች። ኣስመረት ከስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ወጥታ ከተማ የከረመች፣ ሰላምታ የማታበዛ የሑመራ ሴት ናት። «ሐመልማል ልካኝ ነው» አለች። «ሬሳው የት ነው ትላለች።»



«የምን ሬሳ?» አለ ዘመኑ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ሙት ዓመት ነው ያላችሁት እናንተ! ሳላለቅስ እንዴት ሙት ዓመት ደረሰ ትላለች። እድሩ አንድ ነገር ሰምቶ ደብቆኝ ነው ትላለች። ቀኑም ልክ ነው፣ ታኅሣሥ ነው የጠፋው ትላለች።»

ጆኒ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ስሕተት ነው በያት። ማሽኑ ነው በያት። እኔም ሞቻለሁ በያት።»

«ብያታለሁ። የኔም ባል ሞቷል፣ ቤት ተቀምጦ ፉል እየበላ ነው ብያታለሁ። ስሕተት ከሆነ መጥተው በአፋቸው ይንገሩኝ አለች።»

«አሁኑኑ እንሂድ» ብሎ ጆኒ ተነሣ።

«ቁጭ በል» አሉ አባ ገብረ ሥላሴ። «እንዲህ ያለ ነገር እየተሮጠ አይነገርም። የሞት ወሬ በስልክ መነገሩ አንድ ጥፋት ነው። ስናስተባብል ደግሞ በወጉ እናድርገው። ጧት፣ እህል ሳንቀምስ፣ ሽማግሎች ሰብስበን፣ ነጭ ለብሰን በሯ ድረስ እንሄዳለን።»

ሁሉም ተስማማ። ጆኒ ብቻ አንድ ነገር ቅር አለው። ምን እንደሆነ ግን አልመጣለትም፤ የኛን ወግ የሚያውቀው በጆሮው ነውና።

ጎህ ሲቀድ ሽማግሎቹ ወጡ። አባ ገብረ ሥላሴ ከፊት በጋቢ፣ ዘመኑ ከጎናቸው በነጠላ፣ ጆኒ ከኋላ በጃኬት። ማንም አይናገርም። የመጀመሪያው ቤት በር ተከፈተና አንዲት ሴት አየቻቸው። ምንም አልጠየቀችም። ነጠላዋን ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ፊቷ መልሳ፣ ተከተለች። ከሁለተኛው ቤት ባልና ሚስት ወጡ። እኛም ወጣን። ሽማግሎች በማለዳ ነጭ ለብሰው ዝም ብለው ሲሄዱ ካየህ ወዴት ነው አትልም፣ ትከተላለህ። እንዲህ ነው ያደግነው። ሐመልማል ሰፈር ስንደርስ መንገዱ ሞልቶ ነበር።

«ያ ዐሚ» አለ ጆኒ በሹክሹክታ፣ «ይሄ ሁሉ ሰው ምን ፈልጎ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አዝኖላት ይሆናል።»

«ላልሞተ ሰው?»

«ዝም በል፣ ደርሰናል።»

የቆርቆሮው በር ገና ሳይንኳኳ ተከፈተ። ሐመልማል ወንፊቷን በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ሥራ ልትወጣ ነበር። ይህን ስናይ ነገሩ ገባን፤ የኣስመረትን ቃል ተቀብላ፣ ስሕተት ነው ብላ አምና አድራለች። አሁን ደጇ ላይ ነጭ የለበሱ ሽማግሎች አየች። ከሽማግሎቹ ኋላ ነጠላቸውን የገለበጡ ሴቶች አየች።

ወንፊቱ ከእጇ ወደቀ።

አባ ገብረ ሥላሴ ሌሊቱን ያሰናዱት ንግግር ነበራቸው። የሚጀምረው «ልጄ፣ ትናንት የደረሰሽ ወሬ ሐሰት ነው» ብሎ ነው። ግን ዕድሜ ልኩን በማለዳ በር ላይ ቆሞ መርዶ ሲያረዳ የኖረ አፍ፣ ያንን ፊት ሲያይ የለመደውን አወጣ።

«ልጄ ሐመልማል… እግዜር ያጥናሽ» አሉ።

ከኋላ የቆሙት ሴቶች የሚጠብቁት ይህችኑ ነበር። እሪታው ቀለጠ። ሐመልማል «ማሬ! ወየው ማሬዬ!» ብላ በጉልበቷ ወደቀች። አንዱ ደረቱን ይመታል፣ ሌላው ግድግዳ ተደግፎ ይንሰቀሰቃል። ዘመኑ፣ ስሕተት መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው ዘመኑ፣ ነጠላውን አፉ ላይ ይዞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። አባ ገብረ ሥላሴ እጃቸውን ዘርግተው ምን እንዳደረጉ ጠፍቷቸው ቆመዋል።

«በስ! በስ ያ ጀማዓ!» ጆኒ የውሃ በርሜል ላይ ወጥቶ ጮኸ። «ዝም በሉ! ማሬ አልሞተም!»

ልቅሶው ተቆረጠ። ከኋላ አንዲት ያልሰሙ አሮጊት ብቻቸውን ትንሽ አልቅሰው እሳቸውም ተዉ።

ሐመልማል ቀና አለች። «የት አለ?»

«እ?»

«አልሞተም ካልክ አለ። የት አየኸው?»

ጆኒ ከበርሜሉ ወረደ። «አላየሁትም ያ ኻልቲ፣ አክስቴ።»

«እንግዲያው ሞቷል?»

«ማ ዓርፍ» አለ ጆኒ። አማርኛው ጠፍቶበት ነበር። ቆይቶ መጣለት። «አላውቅም።»

ሐመልማል ወደ ዘመኑ ዞረች። «አንተስ?»

ዘመኑ ሊስል ፈለገ። ሳሉ ግን አልወጣ አለው። «አላውቅም እታለም።»

«አባ ገብረ ሥላሴ፣ አንቱስ?»

ሽማግሌው እዚያ ደጅ ላይ በጣም አርጅተው ታዩን። «አላውቅም ልጄ። የሚያውቅም አላገኘሁ።»

እሷ ተነሥታ ልብሷን አራገፈች። ትጮሃለች ብለን ነበር። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ይቺን አንዲት ቃል እስከዛሬ ማን ከለከላችሁ? እኔ ስመጣ ‘አይዞሽ ይመጣል’ ትሉኛላችሁ። ፊቴን ሳዞር ‘ምስኪን፣ ባሏ እኮ ሞቷል’ ትላላችሁ። በጓሮ ትገድሉታላችሁ፣ በፊቴ ታመጡታላችሁ። እኔ መሐል ላይ ቆሜ የማን ሚስት እንደሆንኩ ጠፋኝ። አለቅስ እንደሆነ፣ እጠብቅ እንደሆነ።»

ጫማችንን እናይ ነበር።

«ጆኒ» አለች፣ «ያላችሁትን በማሽንህ ጻፍልኝ።»

«ምን ብዬ ያ ኻልቲ?»

«አናውቅም ብለህ።»

«ማሽኑ እንዲህ የሚባል ቀን የለውም። ወይ ቀን ነው ወይ…»

«እንግዲያው ይማር» አለችና ወንፊቷን አንሥታ፣ አራግፋ፣ ወደ ሰሊጧ ሄደች። እኛ በር ላይ እንደቆምን ቀረን። አልቅሰን እንዳንበተን የሞተ የለም፤ እንኳን ደስ ያለሽ እንዳንል የተገኘ የለም። ኣስመረት «በሉ ወደየቤታችሁ፣ ደጁን አትዝጉ» ብላ አባረረችን።

ጆኒ ያን ሰሞን ከክፍሉ አልወጣም። ኮድ ጻፊውን እንደገና በረበረው። አሁን «አባል» ወይም «ድንኳን» ብሎ ቃል ሲሰጠው ዝም ብሎ አይጽፍም። ስለ እያንዳንዱ ነገር ቀድሞ ይጠይቃል። «ይህ ባይታወቅስ?» ይላል። ካልተመለሰለት አንዲት መስመር ኮድ አይወጣውም። ቀን ካጣም ከስልሳ ሁለት አያመጣም፤ ባዶውን ባዶ ይለዋል፣ የማይታወቀውን የማይታወቅ ይለዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ ባዶ ገና የሚሞላ ነው አለ ጆኒ። እኛ ልዩነታቸው አልገባንም፤ ሐመልማልን አይተን ግን ዝም አልን።

ጆኒ ሥራውን ኢንተርኔት ላይ ይህንኑ ኮድ ጻፊ አብረው ለሚያበጁ ለባሕር ማዶ ሰዎች ላከው። አንዱ፣ ይሄ ሁሉ ጥያቄ ለምን፣ ቅርጽ እኮ የሚፈለገው ለፍጥነት ነው ሲል ጻፈለት። ጆኒ ስለ በርሜሉና ስለ ወንፊቱ ረጅም መልስ ጀመረ፤ አጠፋው፤ «በኛ አገር ያስፈልጋል» ብሎ ላከ። አልተቀበሉትም። ስለዚህ አሁን የሚሠራው ለኛ እድር ብቻ ነው።

ለኛም ቢሆን ጣጣ አላጣውም። ዘመኑ አዲሱን መልስ ወደደው። ትልቁ ድስት የት ነው ሲባል «አይታወቅም»። ሁለተኛው ድንኳን? «አይታወቅም»። ትልቁ ድስት ዘመኑ ጓሮ ዶሮ ውሃ እየጠጣችበት መሆኑን ሰፈሩ ያውቃል። ሚስቱ ራሷ ተሸክማ አምጥታ ኮሚቴው ፊት አስቀመጠችው። «ይሄ ይታወቃል» አለች።

የጥር ስብሰባ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። ዘመኑ ስም ከስልኩ እያነበበ ይጠራል፣ ሰው «አቤት» ይላል። ማሬ ጋ ደረሰ። ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየነው። እኛም ጫማችንን ልናይ ተዘጋጀን።

ዘመኑ አልሳለም። «ማሬ!» ብሎ ጠራ።

ስሙ በስብሰባችን ከተጠራ ዘመን ሆኖት ነበርና ሁላችንም ቀና አልን።

«አልመጣም» አለች ሐመልማል ከሴቶቹ በኩል።

ዘመኑ ስልኩን አየ። ጆኒ ለቀሪ ሰው የሠራው ገጽ ምክንያት ይጠይቃል። «ምክንያቱን… ምን ልበል እታለም?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ» አለች። «ሲመጣ ራሱ ይናገር።»

ዘመኑ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አንሥቶ ጆኒን አየው። ጆኒ ራሱን ዝቅ አድርጎ እሺ አለው። ዘመኑ ቦታውን ባዶ ትቶ የሚቀጥለውን ስም ጠራ።